እትዬ ማይክ ያለ ማይክ ያነበበችበት ቅዳሜ

የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን መምህሯ ራሳችሁን አስተዋውቁ ስትለን፣ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ብድግ ብላ «እኔ እንኳ አውቶቡስ ጣቢያ ነው የምሠራው» ከማለቷ ክፍሉ በሙሉ ዞረ። መልኳን ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ድምጿን ግን የማያውቅ አልነበረም። ሻንጣችንን እየጎተትን ስንሯሯጥ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሣ የሚነግረን፣ «የመጨረሻ ጥሪ» እያለ የሚያጣድፈን ድምፅ፣ ይኸው አጠር ካለች፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ካንጠለጠለች ሴት አፍ ወጣ።

እኔ አፌ አያርፍም። «እንዴ፣ የጣቢያው እትዬ ማይክ አንቺ ነሽ?» አልኩ። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ በክፍላችን ስሟ እትዬ ማይክ ሆኖ ቀረ። እኔንም በአጸፋው «ፋርማሲስቱ» ትለኛለች። መድኃኒት ቤቴ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ነው። ማስታወቂያውን በየቀኑ በመስኮቴ ሳየው ሰንብቼ አንድ ቀን ገብቼ ተመዘገብኩ።

ትምህርቱ «ሥነ ጽሑፍና ከተማ» ይባላል። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ መልስ በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ እንሰበሰባለን። ሰዎች ስለየከተሞቻቸው የጻፉትን እናነባለን፣ እንከራከራለን፣ ከዚያ ስለ ራሳችን ከተማ ለመጻፍ እንሞክራለን። እትዬ ማይክን ያስመዘገበቻት ልጇ ናት። ልጇ ነርስ ናት፤ ማዘዝ ታውቅበታለች። «እማዬ፣ ከሬዲዮ ጋር ከምትጨቃጨቂ ወጥተሽ ከሰው ጋር ተጨቃጨቂ» ብላ ነው የላከቻት።

ከሬዲዮ ጋር የሚያጨቃጭቃት ነገር ነበረ። እትዬ ማይክ ጣቢያው የገባችው በልጅነቷ ቲኬት ቆራጭ ሆና ነው። አንድ ቀን አስተዋዋቂው ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሲዘጋ፣ ኃላፊው እሷን ጠርቶ ከአዳራሹ በላይ ካለችው የመስታወት ክፍል አስገባትና «እስኪሻለው ድረስ» አላት። ሰውየው ተሻለው፤ እሷ ግን አልወረደችም። ልጅ ወልዳ፣ ባል ቀብራ፣ ፀጉሯ ሸብቶ እዚያው አንገቱ እንደ እባብ ከሚጣመም ማይክ ፊት ኖረች።

ከዚያ መሥሪያ ቤቱ ማሽን ገዛ። ሳምንት ሙሉ ስቱዲዮ አስቀምጠው የከተሞችን ስም፣ ቁጥሩን፣ በሩን፣ «ዘግይቷል»ን፣ «ደርሷል»ን አንድ በአንድ አስነበቧትና ቀረጿት። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ራሱ እየገጣጠመ ይናገራል፤ በእሷ ድምፅ። እሷን ወደ ጠፉ ዕቃዎች ክፍል አዛወሯት።

«እኔ ከታች ጃንጥላ ስደረድር፣ እኔው ከላይ አውቶቡስ እጠራለሁ» ትለን ነበር። ማሽኗን «እሷ» ነው የምትላት። «እሷ እኮ ሰው አታይም። አውቶቡስ ተበላሽቶ ሕፃን ያዘለች ሴት ብርድ ላይ ቆማ እያለ፣ እኔ ብሆን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር የምናገረው። እሷ ያው ደስ ብሏት ‹ዘግይቷል› ትላለች። ምኑ እንዳስደሰታት እንጃ።»

እያሳቀችን ነው የምታወራው። ልጇ ግን በኋላ እንደነገረችኝ በዚያ ሰሞን እትዬ ማይክ ቤት ስትገባ ማውራት እየተወች ነበር።

ኮርሱ ሊያልቅ ሲቃረብ መምህሯ የመጨረሻው ክፍል አዳራሽ ውስጥ እንደማይሆን ነገረችን። ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም አብረን ከተማውን እንዞራለን፤ እያንዳንዳችን የመረጥነው ቦታ ስንደርስ እዚያው ቆመን የጻፍነውን አንድ ገጽ እናነባለን። «ከአንድ ገጽ አይበልጥም» አለች መምህሯ፤ ከመካከላችን የሚያበዛ ማን እንደሆነ ታውቃለችና ወደ እኔ እያየች።

እትዬ ማይክ ጊዜ አልፈጀባትም። በሚቀጥለው ሐሙስ ስለ ጣቢያው ጽፋ መጣች። አነበበችልን። የበሮቹ ስፋት አለ፣ የመቀመጫዎቹ ቀለም አለ፣ አውቶቡሶቹ የሚገቡበትና የሚወጡበት ሥርዓት አለ። አንድ ስህተት የለበትም። ሲያልቅ «መልካም ጉዞ» ትላለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

መምህሯ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ወጣት ሴት ናት። እትዬ ማይክን በእድሜዋ ታከብራታለች፤ «እርስዎ» እንጂ «አንቺ» ብላት አታውቅም። «በጣም ግልጽ ነው» አለቻት። «ግን እርስዎ የት አሉ?»

«እላይ፣ መስታወቱ ክፍል ውስጥ» አለች እትዬ ማይክ፣ ቀልድ ሳታስብ።

እኛ ሳቅን። መምህሯ ግን አልሳቀችም። «ከሥራ ሲወጡስ? ከዚያ ከመስታወቱ ክፍል ወርደው ወዴት ነበር የሚሄዱት?»

«ቤቴ።» ትንሽ ቆይታ፣ «እሱ ቤት አሁን የለም» አለችና ወረቀቷን አጠፈችው።

የዚያን ዕለት ታክሲ ስንጠብቅ ነው የቤቱን ነገር ያጫወተችኝ።

ቤቱ ከኮረብታው ግርጌ በነበረ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ነው። እሷና ታላቅ ወንድሟ ተወልደው ያደጉበት ነው። ባሏ ሲሞት ልጇን ይዛ ወደ እናቷ የተመለሰችውም እዚያው ቤት ነው። በኋላ ሰፊው መንገድ በሰፈሩ ሊያልፍ ሆነና ነዋሪው ሁሉ ልቀቅ ተባለ። በከተማው ዳር አፓርታማ ተሰጣቸው። ቀኑ ተነግሯቸው ስለነበር እሷ ለዚያን ቀን ፈቃድ ጠይቃ ተሰናድታለች። ዕቃው ሲወጣ ልትኖር፣ ክፍሎቹን አንድ ጊዜ ዞራ ልታይ፣ በሩን ራሷ ልትዘጋ።

ከተባለው ቀን በፊት፣ በአንድ ተራ የሥራ ቀን፣ ከጣቢያው ወጥታ ወደ ሰፈሯ ስትወርድ ሰፈሩ የለም። አቧራ ነበር። ቢጫ ማሽን ፍርስራሽ ያፍሳል። አንዲት የጎረቤት ሴት «እናትሽን ወንድምሽ ወስዷቸዋል፤ ዕቃውንም ጭኗል» አለቻት። አፓርታማው ድረስ ሄዳ ወንድሟን ፍራሽ ሲያስገባ አገኘችው። ለምን አልጠራኸኝም ስትለው «ጊዜ አልነበረም» አላት። እሷም ለወንድም የማይባል ነገር ተናገረች።

«ከዚያ በኋላማ ያው፣ እናታችን ስትታመም እንደዋወላለን፤ ስትሞት አብረን ቆምን። እሱም አለቀ። ወንድሜ ኩሩ ነው» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ከእሱ እብሳለሁ።»

ታክሲው መጥቶ ገባች። በመስኮት በኩል «የምጽፈው ስለዚያ ቤት ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ቦታውን ልታይ ወረደች። መንገዱ አለ። ከመንገዱ ዳር ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቷል፤ ከሱ ቀጥሎ የሞባይል መሸጫ፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ያልተጨረሰ ሕንፃ። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች። አንዱ ጋ ስትቆም ይመስላታል፣ ደግሞ አይመስላትም። ፊቷ ጠቁሮ መድኃኒት ቤቴ ገባችና የራስ ምታት መድኃኒት ስጠኝ አለችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ተወልጄ ያደግኩበትን ቤት አጣሁት። ያው ቤቱ እንደሌለ አውቃለሁ፤ የነበረበትን ቦታ እንኳ አጣሁት እልሃለሁ።»

ወንበር ሰጠኋት፣ ውሃ ሰጠኋት። ከዚያ፣ ነግሬያችኋለሁ አፌ አያርፍም፣ «ወንድምሽ አያጣውም። ለምን አትደውዪለትም?» አልኳት።

«ማስታገሻ ስጠኝ አልኩህ እንጂ ምክር ስጠኝ አልኩህ?» አለችና ኪኒኑን ውጣ ወጣች።

ግን ደወለች። ንግግራቸውን ቃል በቃል ነው የነገረችኝ፤ የሁለቱንም ድምፅ እያስመሰለች።

«ወንድም ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ታዲያ ምነው? ልጅሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ወንድም ጋሼ፣ ቤታችን የት ነበር?»

ከበስተጀርባው የሚፋቅ ግድግዳ ይሰማል፤ ወንድሟ ቀለም ቀቢ ነው። «የት ነበር ማለት?» አለ በመጨረሻ።

«ሄጄ ፈልጌ አጣሁት።»

«እሑድ ከምሳ በኋላ እመጣለሁ» አለና ዘጋው።

እሑድ መጣ። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቷል። ልብሱን ቀይሮ ቢመጣም ጫማው ላይ የነጭ ቀለም ፍንጣሪ አለበት። እጅ ተጨባበጡ እንጂ አልተሳሳሙም። እንደማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቁልቁለቱን ወረዱ።

እሱ መንገዱንም ሆነ ሱቆቹን አላያቸውም። በቀጥታ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ዞረ። እዚያ አንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ አለ፤ ግማሹ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ተስሎበታል። መዳፉን አስደግፎ ቆመ። «ይሄ ያ ከበላያችን የነበረው ግቢ ግንብ ነው። ኳስ እያነጠርሽ መስኮት የሰበርሽበት።»

«እኔ አይደለሁም የሰበርኩት።»

«ታዲያ እኔ ነኝ?»

ከግንቡ ጀርባውን ሰጥቶ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወደ ታች ተራመደ። መኪኖቹ ወደ ፎቁ የሚወጡበት የሲሚንቶ ዳገት አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ጠዋት ዘንቦ ስለነበር በመንገዱ ጠርዝ ቀጭን ውሃ ይወርዳል። «ተመልከቺ፣ ወዴት እንደሚሄድ። እናታችን የልብስ እጣቢ ስትደፋ በዚሁ ነበር የሚሄደው። መንገዱን ከላይ ለበጡት እንጂ መሬቱን አላዞሩትም። በሩ እዚህ ነበር።»

እትዬ ማይክ እዚያው ቆመች። ወዲያው ገባት። ከኋላዋ ኮረብታው፣ ከፊቷ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ፤ በልጅነቷ ከበሩ ስትወጣ ታየው የነበረው ያው ነው።

«አረንጓዴው በር» አለች።

«ሰማያዊ ነበር።»

«አረንጓዴ ነው።»

«የቀባሁት እኔ ነኝ እኮ። በሕይወቴ መጀመሪያ የቀባሁት ነገር ያ በር ነው።»

«አንተ ከመቀባትህ በፊት አረንጓዴ ነበር።»

አሰበና «እሱስ ልክ ነሽ» አለ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ሰው ያያቸዋል ብለው ወደ ጥግ ተጠጉ።

እንዲህ ባይለሳለሱ ኖሮ ጥያቄውን ለመጠየቅ ድፍረት እንደማታገኝ ነግራኛለች። «ያን ቀን ለምን አልጠራኸኝም?» አለችው።

አፍራሾቹ ከተባለው ቀን ቀድመው መጡ፤ የጭነት መኪናውን ሹፌር ለምኖ ያገኘው ለዚያን ጠዋት ብቻ ነበር። ይህን እሷም ታውቃለች። የማታውቀውን ነገራት። «መጥቼ ነበር» አላት።

«የት?»

«ጣቢያ። ዕቃው እየተጫነ እናታችንን ሹፌሩ አጠገብ አስቀምጬ በሩጫ መጣሁ። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ወዳንቺ የሚወጣውን ደረጃ ስፈልግ መናገር ጀመርሽ። ድምፅ ማጉያው ሥር ነበር የቆምኩት። አውቶቡስ ነው የምትጠሪው፤ ረጋ ብለሽ፣ ምንም እንዳልሆነ። እና ምን ልበልሽ፣ ደረጃውን መውጣት አቃተኝ። ይቺ ልጅ ቢያንስ እስከ ሥራ መውጫዋ ድረስ ቤት ይኑራት አልኩና ተመለስኩ።»

መኪና ዳገቱን እያጓራ ወጣ። እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ማንኳኳት ነበረብህ» አለችው።

«ነበረብኝ» አለ።

ከዚህ ሌላ አልተባባሉም። ይቅርታ የሚል ቃል በሁለቱም በኩል አልወጣም። «ንዴቱ እኮ ያኔውኑ አልለቀቀኝም» አለችኝ ስታጫውተኝ። «ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ግን ደረጃውን ሊወጣ ያልቻለው ሰውዬም አብሮ መጣ። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው አዲስ የሆነብኝ።»

በዚያ ሳምንት ጻፈች። ጠፉ ዕቃዎች ክፍል ሰው በማይመጣበት ሰዓት፣ በጃንጥላና በነጠላ ጫማ መሐል ተቀምጣ። ለልጇ ስታነብላት ልጇ «እማዬ፣ መግቢያው ረዘመ፤ በሽታውን ሳትናገሪ የታካሚውን ታሪክ ግማሽ ሰዓት ማውራት ነው ይሄ» አለቻትና የመጀመሪያውን አንቀጽ አስቆረጠቻት። መምህሯ ሁለተኛውን ረቂቅ አንብባ ከታች «አሁን አየሁዎት» ብላ ጻፈችበት። እትዬ ማይክ ያንን ወረቀት ለሁላችንም አሳየችን።

ችግሩ ንባቡ ላይ መጣ። በመጨረሻው ሐሙስ ልምምድ ስናደርግ እትዬ ማይክ ተነሥታ ማንበብ ጀመረች፤ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ የሰማት የለም። መጀመሪያ የፈራች መስሎን ነበር። ኋላ ነው የገባን። ያ ጣቢያ የሚሞላ ድምፅ ለማይክ የተገራ ድምፅ ነው፤ አፍንጫዋ ሥር ላለ ነገር ሹክ ማለት ነው የለመደችው። የቀረውን ሁሌም ማጉያው ነበር የሚሠራላት። አሁን በሰፊው መንገድ ዳር፣ መኪና እያጓራ፣ ባዶ እጇን ልታነብ ነው።

መምህሯ «ከፈለጉ ትንሽ ራቅ ያለ ጸጥተኛ ቦታ ሆነን ብናነበውስ?» አለቻት።

«በሩ እዚያ ነው የነበረው» አለች እትዬ ማይክ። በዚያው አበቃ።

ለወንድሟ ነገረችው። «ነገ ወደምሠራበት ነይ» አላት። በማግስቱ ከሥራ መልስ ሄደች። እሱ የሚቀባው የአንድ አዲስ ትምህርት ቤት ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ወንበር አልገባበትም፣ ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፏል፣ ገና ያልደረቀ የግድግዳ ስቱኮ ይሸታል። ወንድሟ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷት፣ የቀለም ሮለሩን ግድግዳው ላይ ያወጣል ያወርዳል።

«አንብቢ» አለ ሳይዞር።

አነበበች።

«አልሰማሁም።»

ጨምራ አነበበች።

«አሁን ደግሞ እየጮኽሽ ነው። ጩኸት መንገድ ላይ ይሰበራል። እኛ መሰላል ላይ ሆነን ከታች ቀለም አቀብሉን ስንል እንጮሃለን እንዴ? ከሆድሽ አውጪውና ባልዲ እንደምታቀብዪኝ ቀስ ብለሽ ላኪው። እኔ እዚህ እቀበልሻለሁ።»

ባልዲውን ማቀበል ጊዜ ወሰደባት። ጉሮሮዋን ከረከራት። አንዴ ቃሉ ይደርሳል፣ አንዴ መሐል ወለል ላይ ይወድቃል። በመካከሉ ግን ሮለሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። ወንድሟ መሰላሉ ላይ እንደሆነ ዞሮ ያያታል።

«እስቲ ያንን ድገሚው።»

ደገመችው። ስለሱ የሚናገረው ዓረፍተ ነገር ነው፤ በድምፅ ማጉያው ሥር ቆሞ ስለተመለሰው ሰው።

«ይሄ ያስፈልጋል?» አለ።

«ያስፈልጋል።»

ሮለሩን ጣሳው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲያው ቡናማ ጃኬት ነበር የለበስኩት። እሱን ጨምሪበት» አላት።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተሰበሰብን። የመጀመሪያው ተራ የእኔ ነበር፤ ከተዘጋው ሲኒማ ቤት ደረጃ ላይ። ስለ ራሴ ብዙ አልላችሁም። አንድ መስመር ዘለልኩ፣ ገጹም ከአንድ ገጽ በልጦ ነበርና መምህሯ ሰዓቷን አየች። ከዚያ በተራ በተራ እየቆምን ወደ ኮረብታው ግርጌ ወረድን።

የእትዬ ማይክ ወንድም ቀድሞን እዚያ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል። ለሁላችንም በየተራ እጁን ሰጠን፤ ከዚያ ከግንቡ ተጠግቶ የማይታይ ለመሆን ሞከረ። ረጅም ሰው ስለሆነ አልተሳካለትም።

ገና ክብ ሠርተን ስንቆም የመኪና ማቆሚያው ጥበቃ ከመጠለያው ወጣ። «ምንድን ነው? እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለ።

መምህሯ ስለ ትምህርቱ ልታስረዳው ጀመረች። እሱ እሷን ትቶ እትዬ ማይክን አያት። «ምን ልታደርጉ ነው?»

«ቤቴ እዚህ ነበር» አለችው። «አንድ ገጽ ላነብ ነው።»

ጥበቃው አንዴ ወረቀቷን፣ አንዴ ዳገቱን አየ። ሊገባ የመጣ መኪና ነበር፤ እጁን ዘርግቶ አስቆመው። «አንብቢ» አላት።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አውቶቡስ ዋጠው። እትዬ ማይክ አልተደናገጠችም። አውቶቡስ መጠበቅ ታውቃለች። እስኪርቅ ቆማ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ያን የማውቀውን የጣቢያ ድምፅ እጠብቅ ነበር፤ የመጣው ሌላ ነው። ወፍራም ነው፣ ትንሽ ይሻክራል፣ ቸኩሎ አያውቅም። ከክቡ ጀርባ እስካለው ግንብ ድረስ ይሰማል። እንዲህ ይላል፦

«መኪናው በሚወጣበት በዚህ ላይ በራችን ነበር። በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ ነው፤ ሲዘጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ መግፋት ይፈልግ ነበር። እናቴ ከውስጥ ሆና ማን እንደመጣ በአገፋፉ ታውቃለች። አባቴ በትከሻው፣ ወንድሜ በእግሩ፣ ልጄ በጀርባዋ፣ እኔ በሁለት እጄ። ቤቱ የፈረሰ ዕለት እኔ ለሌላው ሁሉ በር ስጠራ ነበር የዋልኩት። ወንድሜ ቡናማ ጃኬቱን ለብሶ ድምፅ ማጉያው ሥር ቆሞ ሰማኝና፣ እስከ ሥራ መውጫዬ ድረስ ቤት እንዲኖረኝ ብሎ ሳይነግረኝ ተመለሰ። ስለዚህ የእኔ ቤት ከሁሉም ጎረቤት ቤት ግማሽ ቀን ዘግይቶ ነው የፈረሰው። ያን ግማሽ ቀን ሳላውቀው ኖሬበታለሁ።»

ጥቂት መስመሮች ቀርተው ነበር፤ እነሱንም አነበበች። ስትጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ጥበቃው ያስቆመው መኪና ሹፌር እንኳ ጥሩምባ አልነፋም፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ነበር። ልጇ ከአዳር ሥራ በቀጥታ መጥታ የነርስ ልብሷን እንደለበሰች ከኋላችን ቆማ ነበርና እሷ ናት መጀመሪያ አፍንጫዋን የሳበችው።

ቀድሞ የተናገረው ጥበቃው ነው። «እኔ ይሄ ከተሠራ ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለ። «ሰው ይኖርበት እንደነበር የነገረኝ የለም። ከጎናችሁስ ማን ነበር?»

«ጫማ ሰፊው» አለች እትዬ ማይክ።

«የለም» አለ ወንድሟ ከግንቡ ሥር ሆኖ። «ጫማ ሰፊው ከዚያ ወዲያ ነው። ከጎናችን አዋላጇ ነበረች።»

«አዋላጇ ከላይ ነው የነበረችው።»

«ከላይ የነበረችው እህቷ ናት። ነይ ላሳይሽ።»

ረጅሙ ሰው ከግንቡ ተላቀቀና በቆሙ መኪኖች መሐል ገባ። እትዬ ማይክ ወረቀቷን እንደያዘች ተከተለችው። እሱ የአዋላጇ መስኮት ይሄ ነጭ መኪና ያለበት ነው ይላል፤ እሷ ከመስኮቱ ሥር የነበረውን ድንጋይ መቀመጫ ታስቀድማለች። እኛም ተከተልን፤ መምህሯ፣ ልጇ፣ እኔ፣ ሌሎቹም። ከሁሉ በኋላ ጥበቃው መጣ፤ የቆመውን ሹፌር በእጁ «ግባ፣ ግባ» እያለው። አስፋልቱ ላይ የተሰመሩትን ነጭ መስመሮች እያለፍን፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት፣ ከጫማ ሰፊው ወደ ወፍጮው፣ ከወፍጮው ሁሉም ልጅ ወደሚጣላበት የውሃ ቧንቧ ሄድን። የሁለቱ ወንድምና እህት ድምፅ ከሲሚንቶው ጣሪያ ሥር ጎልቶ ይሰማ ነበር።

ከዚህ የተነሣ የቀሩት ሰዎች ንባብ ዘገየ። የመጨረሻው አንባቢ ሲያበቃ ሁላችንንም ርቦን ነበር። መምህሯ ልትሰናበተን ያዘጋጀችውን ንግግር ግማሹን ትታ፣ በሚቀጥለው ወቅት ሁለተኛ ዙር ኮርስ እንደሚከፈት ነገረችን። እጅ ያላወጣ አልነበረም።

አሁን ሁለተኛው ዙር ተጀምሯል። እትዬ ማይክ ያው ጠፉ ዕቃዎች ክፍል ነው የምትሠራው፤ ያው ከላይ ማሽኗ ትጮኻለች። የምትጽፈው ስለ አዋላጇ ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ከወንድሟ ጋር ተቀምጣ ታነብለታለች፤ እሱ ያርማል፣ እሷ አትቀበልም፣ ልጇ ታስታርቃለች። ባለፈው ሰሞን ሁለቱም ቤተ መጻሕፍት ሲሄዱ መድኃኒት ቤቴ ገቡ። ለመግዛት አልነበረም፤ እዚያ ሲያልፉ ክርክሩ አላስቆም ብሏቸው ነው። አዋላጇ ለወላድ ስትጠራ የምትይዘው ቦርሳ ጥቁር ነው ወይስ ቡኒ ነው፣ አንተ ፍረደን አሉኝ። እኔ አዋላጇን አይቻት አላውቅም። ወንበር ሰጠኋቸው። ተሰልፈው መድኃኒት የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆዩና «የትኛዋ አዋላጅ? ያቺ ከወፍጮው በላይ የነበረችው?» አሉ። እትዬ ማይክ ከወንበሯ ተነሥታ ለአሮጊቷ ለቀቀችላቸው፤ ብዕሯንም ከቦርሳዋ አወጣች።